ለሽማግሌ የማይነሱበት መኪና

ልጅ ሳለሁ ከላሊበላ ወልድያ የሚሄደው ትልቁ አውቶቡስ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳ ነበር። አዛውንት ወይም ቄስ ሲገቡ ወጣት የሆነ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ይቀመጣሉ። ቦታውን የለቀቀው ሰው መተላለፊያው ላይ ቆሞ፣ የወንበር ጀርባ ይዞ፣ መንገዱን ሙሉ እየተመረቀ ወልድያ ይገባል። እናቴ «ተቀምጦ ሽማግሌ የሚያስቆም ልጅ አልወለድኩም» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ከእኔ ጋር በተሳፈረችባቸው ጊዜያት ሁሉ የቆምኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ አውቶቡሱ በየቀኑ መምጣቱን ትቶ አንድ ቀን እየዘለለ መጣ። ቀጥሎ በገበያ ቀን ብቻ ሆነ። ቀጥሎ መለዋወጫ እየጠበቀ ነው ተባለ። መንገዱ ሲከፈት ነዳጅ ይጠፋል፤ ነዳጅ ሲገኝ መንገዱ ይዘጋል፤ ሁለቱ የተገናኙ ዕለት ደግሞ ሾፌሩ ለቅሶ ሄዷል። የመናኸሪያው ስምሪት ቢሮ ግን በሥራ ቀን ተዘግቶ አያውቅም። ሠራተኛው በሰዓታቸው ይገባሉ፤ መዝገባቸውን ይገልጣሉ፤ በሰዓታቸው ይወጣሉ። «አውቶቡሱ ቀረ ማለት ነው?» ብሎ ለሚጠይቃቸው «አልቀረም፤ አልመጣም እንጂ» ይላሉ። በቅርቡ ቢሮውን አዲስ ቀለም አስቀብተውታል።

በአውቶቡሱ ፈንታ በቀን አንድ ሚኒባስ፣ ከተሳካም ሁለት፣ ይሄዳል። ሚኒባስ ውስጥ ግን መቆሚያ የለም። ለሽማግሌ የተነሳ ሰው የሚወርደው ከወንበሩ ብቻ ሳይሆን ከመኪናውም ነው። ይህን የተማርኩት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ነው። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል፤ ከዚያ የዘገየ አይመዘገብም ተብሏል። እኔም ጥንቃቄ ይበልጣል ብዬ ረቡዕ ማለዳ መናኸሪያ ተገኘሁ።

ረቡዕ ከበሩ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። መኪናው ሊነሳ ሲል መስቀላቸውን የያዙ አንድ ቄስ ብቅ አሉ። ሳላስበው ተነስቼ «ኖር አባ!» አልኩ።

«በእግዜር ልጄ፤ ያሳድግሽ» ብለው ተቀመጡ።

እኔ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ረዳቱ በሩን ይዞ «እህት፣ እንዲህ ጎብጠሽ ወልድያ ልትደርሺ ነው? ወይ ውረጂ ወይ ተጣጠፊ» አለኝ። ወረድኩ። ቄሱ በመስኮት በኩል በመስቀላቸው አማተቡልኝ። እናቴ ስትሰማ «ደግ አደረግሽ!» አለች፤ ለጎረቤትም አወራች።

ሐሙስ ወደ መሀል ገባ ብዬ ተቀመጥኩ። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ አንዲት እናት ቅቤና የገንፎ ዱቄት ተሸክመው መጡ። «መኪናው ሞልቷል እማማ፤ ነገ ይምጡ» አላቸው ረዳቱ።

«አራስ ነገ ድረስ ትጠብቃለች እንዴ አንተ?» አሉት።

ሁሉም ሰው ዞሮ እኔን አየኝ። ከሁሉም ትንሿ እኔ ነበርኩ። እንደገና ወረድኩ። ያን ዕለት እናቴ «ደግ አደረግሽ» ያለችው ቀስ ብላ ነው። ለጎረቤትም አላወራችም። ዓርብ ጠዋት ስትሸኘኝ ግን «ዛሬ ከኋላ፣ በመስኮት በኩል ተቀመጪ» አለችኝ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። ሾፌሩ ሞተር እንዳስነሳ አንድ ከዘራ የያዙ አዛውንት ጭንቅላታቸውን በበሩ አስገቡ። በዚያች ቅጽበት መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራ በዛበት። ከፊቴ የተቀመጠውና እስከዚያ ድረስ ጮክ ብሎ ሲያወራ የነበረው ጎልማሳ እንቅልፍ ወሰደው። ከጎኔ ያለው ወጣት ኔትወርክ የሌለው ስልኩን አፍጥጦ ማየት ጀመረ። አንዲት ሴት የነጠላዋን ጥለት ትመረምራለች። እኔ ደግሞ ሰውነቴ ሳይጠይቀኝ ተነሳ፤ በግድ መልሼ አስቀመጥኩት።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ዛሬ ምዝገባዬ ያበቃል። አልነሳም።»



«ወይ ጉድ! የተማረች ተብላ!» አለች ባለ ነጠላዋ።

ጎልማሳው ዓይኑን ሳይገልጥ «በእኛ ጊዜ እንኳን ለሽማግሌ፣ ለሽማግሌ በቅሎም እንነሳ ነበር» አለ።

«እሺ ጋሼ፣ ታዲያ አንተ ተነሳላቸዋ!» አለው ረዳቱ። ጎልማሳው ተመልሶ አንቀላፋ።

አዛውንቱ ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን። «ማን ተነሱልኝ አላችሁ? እኔ የትም አልሄድ» አሉ። «ለልጄ ይችን በሶ አድርስልኝ ልለው ነው።» በጨርቅ የተቋጠረውን በሶ ለረዳቱ ሰጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ግን ልጄ፣ ተቀምጦስ ቢሆን ‹ኖር› ማለት ተከልክሏል?» አሉኝ።

«ኖር አባባ» አልኩ፣ እንደተቀመጥኩ።

«በእግዜር! በርትተሽ ተማሪ» ብለው በሩን ራሳቸው ዘጉልን።

እስከ ጋሸና ስለ ትውልዱ መበላሸት ተመከርኩ። ከእንቅልፉ የነቃው ጎልማሳ ዋናው መካሪ ነበር። እኔም «እሺ ጋሼ» እያልኩ ሰማሁት፤ በልቤ ግን ሰዓት እቆጥር ነበር። መንገድ ላይ ጎማ ተበሳ፤ ኬላ ላይ ቆምን፤ ወልድያ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሮጬ ዩኒቨርሲቲው ደረስኩ።

መዝጋቢዋ «እስካሁን የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«መኪና አጥቼ» አልኩ። ሁለት ጊዜ ተሳፍሬ ሁለቴም መውረዴን ለማስረዳት ቅጹ ላይ ቦታ የለም። ስሜን ጽፋ ማኅተሙን አሳረፈችበት።

ውጭ ወጥቼ ለእናቴ ደወልኩ።

«ደረስሽ? ተመዘገብሽ?»

«ተመዘገብኩ።»

«ተመስገን! ሽማግሌ አልመጣም ማለት ነው?»

«መጥተው ነበር።»

«እና?»

«አልተነሳሁም።»

 

«ማኅተሙ ተመትቶልሻል?» አለች።

«ተመትቶልኛል።»

«እንግዲያ ደግ። ግን ለማንም እንዳታወሪ።»