የተገለበጠችው ቅጠል

አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ አንዲት የእንሰት ቅጠል በስሕተት ገልብጬ ጠለፍኩ። ይኸው እስከ ዛሬ እሷኑ እየገለበጥኩ እጠልፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ወልቂጤ ውስጥ፣ ከጅማው አስፋልት ገባ ብሎ ባለው ቤታችን የፊት ክፍል ቀሚስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናው የእሷ ነው፤ የእጅ ጥልፉ የእኔ። ንድፉን መጀመሪያ በሒሳብ ደብተር ላይ አወጣዋለሁ፣ አንዷ ካሬ አንድ መስቀለኛ ስፌት ናት። ከዚያ የሸማውን ክር እየቆጠርኩ በመርፌ ወደ ጨርቁ አሻግረዋለሁ። የራሴ የመጀመሪያ ንድፍ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ሦስት የእንሰት ቅጠሎች ነበሩ፣ ሦስቱም ጫፋቸው ወደ ላይ። ሁለቱን ጨርሼ ለምሳ ተነሣሁ። ስመለስ ጨርቁን የሚወጥረውን የእንጨት ቀለበት አዙሬ ይዤው ኖሮ ሦስተኛዋ ቁልቁል ወረደች።

ልፈታት ስል ቀሚሱን ያዘዘችው ሴትዮ ደረሰች። “ውይ ስታምር! ይቺ የዞረችውስ?” አለች። እኔ ደነገጥኩ። አክስቴ ግን ከመኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ “እሷማ ለመስቀል ወደ አገሯ የምትመለሰው ናት” አለቻት።

ያቺ ጨዋታ ናት ያሰረችኝ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ደመራ አንወጣም፤ ግን ለመስቀል ሁሉም ወደ አገሩ ይገባል፣ እኛም ቤት ክትፎው አይቀርም። በዓመቱ ከአዲስ አበባ የሚገባው ሁሉ “ተመላሿን” እያለ መጣ። አንድ ጊዜ አንጀቴ አርሮ ቅጠሏን ቀና አድርጌ ብጠልፋት የቀሚሱ ባለቤት ከአገና ድረስ ይዛው ተመለሰች። “ይቺ የእናንተ አይደለችም” አለችኝ፣ “ቀጥ ብላለች።” ቁጭ ብዬ ትክክሉን ፈትቼ ስሕተቱን ጠለፍኩላት።

የሒሳብ ደብተሬ ግን ሌላ ነገር ሞልቶበታል። የባቄላ አበባ አለ። የባጃጅ ጎማ በጭቃ ላይ የሚተወው መስመር አለ። በልጅነቴ አያቴ ቤት በጀርባዬ ተጋድሜ የማየው፣ ከምሰሶው ጫፍ ዙሪያውን የሚበተነው የጎጆው ጣሪያ አለ፤ እሱን ለመንደፍ ብቻ አንድ ክረምት ፈጅቶብኛል። አንዱም ጨርቅ አልነካም። ማን ያዛል? እኔ እኮ የቅጠሏ ልጅ ነኝ።

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ቡታጅራ ሱቅ ከፍታለች። “አንቺ ንደፊ፣ እኔ እሸጣለሁ፤ የፈለግሽውን ጥለፊ” ካለችኝ አሥር ዓመት ሊሆን ነው። ለአክስቴ በነገርኳት ቁጥር መልሷ አንድ ነው። “ጌታ ከፈቀደ ከመስቀል በኋላ ትሄጃለሽ። አሁን ብትሄጂብኝ ቅጠሏን ማን ይጠልፍልኛል? የእኔ እጅ ለመርፌ አልተፈጠረም።” መስቀል ይመጣል፣ ያልፋል። ከዚያ ሠርግ ነው፣ ከዚያ የመዘምራን ልብስ ነው፣ ከዚያ ደግሞ የሚቀጥለው መስቀል። አንዳንድ ቀን መርፌውን ስሰካ በንዴት ጣቴን እወጋለሁ።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ጓደኛዬ ደወለች። ሱቋን አስፍታለች፤ እኔ ካልመጣሁ ሌላ ጠላፊ ልታስገባ ነው። እስከ ቅዳሜ መልስ እንድሰጣት ለመነችኝ። በዚህ ጊዜ ለመሄድ ቆርጬ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት አክስቴ ለሴቶች ጸሎት ወጣች። አረንጓዴ ክር አለቀብኝና የመኪናዋን የታችኛውን መሳቢያ ከፈትኩ። ከሥር የተጠቀለለ አሮጌ ሸማ አገኘሁ። ስዘረጋው ሦስት ሦስት የእንሰት ቅጠል በሰልፍ ተደርድሯል። ከላይ ያሉት ጠማማ ናቸው፤ ወደ ታች ሲወረድ እየተስተካከሉ ይመጣሉ። የመጨረሻዎቹን የእኔ ናቸው ብዬ ነበር። ጨርቁን ገለበጥኩት። ጥልፍ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በጀርባው ነው፤ እኔ የክሩን ጫፍ ከስፌቱ ሥር እሸጉጠዋለሁ እንጂ አልቋጥርም። ይኼ ግን በየቅጠሉ ሁለት ሁለቴ ተቋጥሯል። ቁልፍ ስትተክል እንኳ እንደዚያ የምትቋጥረው አክስቴ ብቻ ናት።

ዣንጥላዋን እያራገፈች ስትገባ ሸማው ጭኔ ላይ ነበር።

“እትዬ፣ ይኼን መቼ ተማርሽው?”

አየችው። ነጠላዋን ሳታወርድ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

“መጀመሪያ እሄዳለሁ ያልሽኝ ዓመት። የምር ብትሄድስ ብዬ።”

“ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ብነግርሽ ትሄጃለሻ።”

“አሥር ዓመት እኮ ነው!” ብዬ ጮህኩባት፤ በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም። ደብተሬን አንሥቼ ከፊቷ ወለሉ ላይ ወረወርኩት። አላነሣችውም።

“ልክ ነሽ” አለች በመጨረሻ። “ሂጂ። ከእንግዲህ አልይዝሽም።”

ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ የጀመርኩትን ጥልፍ አነሣች። ሁለቱ ቅጠሎች አልቀው ነበር። የእንጨት ቀለበቱን ልክ እንደ እኔ አዞረችና ሦስተኛዋን ጀመረች። እጇ ፈጣን ነው። ቀና ሳትል ትሰፋለች፣ እንባዋ ግን አገጯ ላይ ደርሷል።

ዝናቡ አባርቶ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ባጃጆች አስፋልቱ ላይ ይጮሃሉ። ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ናት፤ ቅዳሜን መጠበቅ አቅቷታል።

“እህ፣ ምን ወሰንሽ?”

የአክስቴ መርፌ ጨርቁ ላይ ቆመ።

“ከመስቀል በኋላ” አልኳት።

ማንም አልያዘኝም ነበር።