ጥቁር ጨርቅ የተነጠቀችው ምራቴ

ምራቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሶሪያሲስ የሚሉት የቆዳ በሽታ ከያዛት ወዲህ ክንዷና ጀርባዋ ነጭ ቅርፊት ያራግፋል። ነጭ ጨርቅ ላይ ሲወድቅ አይታይም፤ ጥቁር ላይ ግን ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። አለቃዋ ጥቁሩን ሁሉ ነጥቆ አንሶላና የትራስ ልብስ አስታቀፋት።

"የዳኞቹ ካባ ትእዛዝ እስኪመጣ ድነሽ ጥቁር ካልሰፋሽ ወንበርሽን ለሌላ እሰጣለሁ" አላት።

አጠገቧ የምትሰፋው ሴት ደግሞ፣ "አንቺ፣ በረዶ የሚጥለው አንቺ ጋ ብቻ ነው እንዴ?" ብላ ነካካቻት።

"አዎ፣ ጃንጥላ ይዘሽ ነይ!" አለቻት ምራቴ።

ይህን እየሳቀች ነገረችኝ፤ እራቷን ግን አልበላችም።

ሆስፒታል የብርሃን ሕክምና ጀመረች። ቁም ሳጥን በመሰለ፣ መብራት በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ዓይኗን ሸፍና ትቆማለች። ለውጡ ሲዘገይባት ከአንድ ቻይናዊ የባህል ሐኪም ዘንድ የሚቀቀል ቅጠልና ሥር አመጣች። የምቀቅልላት እኔ ነበርኩ። አፍንጫዋን ይዛ ትጨልጠዋለች።

"የሆስፒታሏ ነርስ ታውቃለች?" አልኳት።

"እማማ ደግሞ! ቅጠል እኮ ነው። ከሰሙ አንዱን ተዪ ይሉኛል።"

አንድ ቀን ከመብራቱ ስትመለስ ጀርባዋ ፍም መስሏል፤ ሸሚዝ ማስነካት አልቻለችም። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ።

"አዲስ የጀመርሽው ነገር አለ፣ እህቴ?" አለቻት ነርሷ።

"ምንም።"

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ድምፅ ሳላወጣ ማንበብ አልችልም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጀመርኩ፤ "የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ... ባህላዊውንም ጭምር..." ምራቴ ቆነጠጠችኝ። አላቆምኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሷ የደበቀችው ግን መድኃኒቱን ነበር።

"በቃ እማማ፣ ገባኝ!" አለችና ሁሉንም ተናገረች።

ነርሷ አልተቆጣችም። "አንዳንዱ ቅጠል ቆዳው ብርሃን እንዳይችል ያደርገዋል" ብላ ቃጠሎው እስኪድን መብራቱን አስቆመች፤ ለባህል ሐኪሙም ስልክ አስደወለች። እሱም ከሚቀቀለው አንዱን ሥር አወጣ። ከዚያ መብራቱ በትንሽ በትንሹ እንደገና ተጀመረ። ከሁለቱ የትኛው እንዳሻላት አላውቅም። ቅርፊቱ ግን እያደር ሳሳ፤ ክርኗ ላይ ብቻ ቀረ። ነርሷም፣ "ይህ በሽታ ይተኛል እንጂ አይሞትም" ብላ አስጠንቅቃታለች።

የካባው ትእዛዝ መጣ። የመጀመሪያውን ካባ ጠርዙን በእጇ ልትሰፋ ቤት ይዛው መጣች። ስትጨርስ ወደ መስኮቱ ዘርግታ፣ "እማማ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ እኔ ፈራሁ" አለችኝ።

አገላብጬ አየሁት። አንገቱ ላይ አንድ ነጭ ነገር አገኘሁ። የራሴ ሽበት ነበር። አንስቼ ኪሴ ከተትኩና፣ "ጥቁር ነው፣ ልጄ" አልኳት።