እጇን አፏ ላይ ያደረገችው በግ

በጓን የሳልኳት እኔ ነኝ። አሁን ይህን ብል ማንም አያምነኝም። ጥፋቱ ደግሞ በከፊል የገዛ እጄ ነው።

ፒያሳ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ማስታወቂያ የምንሠራ ሁለት ሴቶች ነበርን። ፎቁ ዛሬ የለም፤ ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። የተዋወቅነው አሥረኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው። እኔ ከአሥራ ሁለተኛ አልገፋሁም፤ እሷ ኮምፒውተር ተማረች። አሠራራችን አይለወጥም ነበር። እኔ በእርሳስ እነድፋለሁ። እሷ እዚያው ወረቀት ላይ መስመሬን እየተከተለች በጥቁር ቀለም ትሄድበታለች። ቀለሙ ሲደርቅ፣ ስካን ሲደረግ እንዳያቆሽሽ፣ እርሳሱን በላጲስ አጠፋለሁ። ማጥፋቱን ለሷ አልሰጣትም፤ እጇ ከባድ ስለሆነ ወረቀቱን ትሸረክተዋለች። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ብዬ ሳጸዳ ደስ ይለኝ ነበር። ጅል።

አንድ የዱቄት ሳሙና ፋብሪካ ፓኬቱ ላይ የሚቆም፣ ሰው የሚወደው የካርቱን እንስሳ ፈለገ። ሥዕሉ ከተወደደ ሠዓሊውን በቋሚነት እንቀጥራለን አሉ። ቋሚ ሥራ፣ መሳል ብቻ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ነጭ በግ መሆን እንዳለበት ወዲያው ገባኝ። ሽርጥ አስታጠቅኳት፣ አንድ ጆሮዋን ጣል አደረግኩት። ፊቷ ግን እምቢ አለኝ። ሳስቃት የማስቲካ ማስታወቂያ ትመስላለች፤ ሳላስቃት ለበዓል የተገዛች። በሦስተኛው ቀን ቤት ምሳ ስንበላ እማዬ በሆነ ነገር ሳቀች፤ እንደ ልማዷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የላትም። ዓይኖቿ ግን ከእጇ በላይ ይስቃሉ። ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ።

"የት ነው እንዲህ እንደ እብድ?"

"ሥራ።"

በጓ የፊት እግሯን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ጓደኛዬ አይታ "ይቺማ እናትሽ ናት" አለች። ቤታችን ስንት ጊዜ በልታለች፣ እንዴት አታውቃት።

ሥዕሉን ለፋብሪካው ለማሳየት የሄደችው ጓደኛዬ ነበረች። "አንቺ አፍሽ አይቻልም። ያንን ሰውዬ ሎጎህ ፋራ ነው ብለሽው ተመልሶ መጣ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ብዬዋለሁ። ፋራም ነበር። ስለዚህ እሷ ሄደች።

ከሳምንት በኋላ የፋብሪካው ሰው ራሳቸው እያለከለኩ ደረጃውን ወጥተው መጡ። እኔን አልፈው እሷን ጨበጡ፤ ሥራ መቼ እንደምትጀምር ነገሯት። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣

"የጓደኛሽ እናት እንዴት ያሉ ሰው ናቸው" አሉ። "ጥርሳቸውን ደብቀው ሲስቁ አይታ መሳሏን ስትነግረኝ ሆዴን ነው ያባባችው።"

መጀመሪያ አልገባኝም። የጓደኛዬ እናት ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ሲስቁ እስከ ድዳቸው ነው።

"በጓን የሳልኩት እኮ እኔ ነኝ" አልኩ። "እናትየዋም የኔ ናት።"

ሰውየው እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። "የእርሳስ ንድፉ አለሽ?" አሉኝ፣ በትሕትና።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ሁሉም ወረቀት ላይ ያለው የሷ ጥቁር ቀለም ነው። የኔ የሆነ አንድ ጭረት የለም፤ ሳጠፋ አጣርቼ ነው የማጠፋው። ወረቀቱን በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። ድፍን ነጭ።

"አብረን ነው የምንሠራው" አለች ጓደኛዬ፣ ረጋ ብላ። "እርሳሱን የምታጠፋልኝ እሷ ናት።"

እዚያው ፊታቸው ልስል ብዬ እርሳስ አነሣሁ። ቸኩዬ ሳልኩ፤ የወጣችው የታመመች ፍየል ናት። ሰውየው "ግድ የለም እህቴ" አሉኝ።

ጓደኛዬ የተናገረችው ውሸት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እውነት ነው፣ የማጠፋላት እኔ ነኝ። በጓን መውሰዷን አንድ ቀን እረሳው ይሆናል። እናቴን መውሰዷን ግን እንዴት አድርጌ? ሄደች፣ ተቀጠረች። እዚያም አዲስ ነገር አልሳለችም አሉ፤ ያቺኑ በግ በኮምፒውተር ታገላብጣታለች።

ከሁለት ወር በኋላ በጓ አራት ኪሎ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ወጣች። ከእማዬ ጋር የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርን። ቀና ብላ ብዙ አየቻት።

"ይቺ በግ እኔ ነኝ?" አለች።

ታክሲው መጣ እንደሆነ አንገቴን አስግጌ አየሁ።

"ያቺ ሳሙና ፋብሪካ የገባችው ጓደኛሽ ናት የሳለችኝ። ስንት ቀን ያበላኋት፣ ጥርሴን አደባባይ ታውጣው? የአላፊ አግዳሚው መሳቂያ ታድርገኝ?"

ሁለት ወር ሙሉ፣ ሥዕሉ የኔ መሆኑን የሚያምነኝ አንድ ሰው ስፈልግ ነበር። ለእማዬ ብቻ አልነገርኳትም። አፌ የማይቻለው እኔ፣ የጥርሷን ነገር ፊቷ ላይ ማንሣት አልደፍርም። ትንሽ ዝም ብል በጓም እርግማኑም ለዚያች ይሄዱላት ነበር። ደስም ይለኝ ነበር።

"የሳልኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ?"

"እኔ። በእርሳስ።"

አመነችኝ። ንድፉ የታለ አላለችም፤ ወዲያው ነው ያመነችኝ። እጇን አነሣችና አፏ ላይ አደረገች። አልሳቀችም። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ቦታ እያለ ሄዳ ከፊት ተቀመጠች።