ምንጭ ያለው አንቀጽ

ቆቦ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተረጋግቼ ቁጭ ያልኩበትን ሰዓት አላስታውስም። በጠዋት ከምሠራበት ዩኒቨርሲቲ በሚኒባስ እወርዳለሁ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ጎብዬ ሰው ልጠብቅ ብሎ ሲቆም ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ። ቆቦ ስደርስ መብራት የለም ይሉኛል፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ኔትወርኩ ይሄዳል። ሁለቱ የተገናኙ ዕለት «ፍጠኑ፣ በሞቴ ፍጠኑ!» እያልኩ በወንበሮቹ መሀል እሮጣለሁ። «ቲቸርን ማነው የሚያባርራት?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ተማሪዎቼ የዩኒቨርሲቲው የኤክስቴንሽን ተማሪዎች ናቸው፤ መምህራን፣ ጤና ባለሙያዎች፣ የወረዳ ሠራተኞች። ኮርሱ መረጃን ስለመመርመር ነው፤ ማን አለው፣ ከየት አመጣው፣ ብሎ ምን ይጠቀማል። ይህንን በሌክቸር ማስተማር ሰልችቶኝ ነበር። ሃንድአውቱን ሸምድደው ይፈተናሉ፣ በበሩ ሲወጡ ፌስቡክ ላይ ያዩትን ሁሉ ያምናሉ። ስለዚህ ማንም ገብቶ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችለውን የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ፣ የአማርኛውን፣ ከፈትኩላቸውና ስለ አካባቢያችሁ ጻፉበት አልኳቸው። ሕጌ አንድ ነው፤ ምንጭ የሌለው ዓረፍተ ነገር አይገባም። «ይሄንን እኮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» የሚለኝን «ሰው ሁሉ የት ታትሞ ነው?» እያልኩ አፋጥጠው ነበር።

ከመካከላቸው ከጎጃም ተመድቦ እዚሁ አቅራቢያ ሮቢት የሚያስተምር አንድ ወጣት ነበር። የራያ ነገር ሁሉ ይደንቀዋል። ስለ ዘወልድ እጽፋለሁ አለ፤ ዘወልድ በራያ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ምንጭ አጥቶ ሲንከራተት ከረመና አንድ ቅዳሜ እያለከለከ ገባ። የቆየ ጋዜጣ አግኝቷል። በአንድ ቀበሌ ስለወረደ የደም እርቅ ተጽፎበታል፤ ገዳዩ ከነአባቱ ስም፣ ሟቹ ከነአባቱ ስም፣ የተጣሉበት የመስኖ ውሃ ሳይቀር። አንቀጹን ጽፎ ምንጩን ከግርጌ አስቀመጠ። እኔም በፕሮጀክተር ለክፍሉ አሳየሁና «እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!» ብዬ አጨበጨብኩለት።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ወጣቱ አንድ ሽማግሌ ይዞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ብለው፣ ደህንነቴን፣ ቤተሰቤን፣ አገሬን ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ያ የተጻፈው ገዳይ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ወንበር ሳብኩላቸው።

«ጉልበት ሳለኝ ነው፤ በውሃ ተጣላን፣ ገደልሁት» አሉ። «ዘወልድ ገብቶ ታረቅን። ነገሩን ዳግም ያነሳ የተረገመ ይሁን ተባለ፣ አገሩ ማለ። ያን ጊዜ የሟች ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች። እስሬን ጨርሼ ስመለስ መሬቷን አረስኩላት፤ ልጁን ሞፈር ያስያዝኩት እኔ ነኝ። አባትህ በሽታ ነው የገደለው ብለን አሳደግነው። እናቱም ይሄንኑ እንዳለች አረፈች። አጎቴ ነው የሚለኝ። አሁን እዚሁ ቆቦ ባጃጅ ይነዳል፣ ስልክ ይዟል። የጎረቤቴ ልጅ ነው ከስልኩ ላይ ያነበበልኝ፤ የጻፈው ይሄ አስተማሪ መሆኑንም እሱ ነገረኝ።»

«ይገድለኛል ብለው ፈሩ?» አልኳቸው።

«እኔማ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ። እሱ በኔ ጣጣ እስር ቤት አይበስብስብኝ። ደግሞስ...» ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉት። «አጎቴ ማለቱን ቢተው አልችለውም፣ ልጄ።»

ተማሪዬ ሳልነግረው አንቀጹን ሰረዘው። እፎይ አልኩ፤ ምን ያደርጋል፣ እፎይታው ሻይ ቀርቦ እስኪጠጣ እንኳ አልቆየም። አንቀጹ ተመልሶ ቁጭ አለ። በብዕር ስም የሚጽፍ አንድ በጎ ፈቃደኛ አርታኢ ነው የመለሰው፤ አጠገቡም «ምንጭ ያለው አንቀጽ እንዲሁ አይሰረዝም» የሚል አስፍሯል። ደግመን ሰረዝነው፤ ደግሞ መለሰው። ደሜ ፈላ። «ምን ያለው ደረቅ ነው!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ኔትወርኩ ሄደ።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አይታወቅም፣ አባቴ።»

«አገሩስ?»

«እሱም አይታወቅም።»

«ሰው ሆኖ አገር የሌለው አለ እንዴ? ፈልጉና ሽማግሌ እንላክበት።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነው። ኔትወርኩ ሲመለስ ከጽሑፉ ጀርባ መወያያ ገጽ እንዳለ፣ እዚያ ብንጽፍለት እንደሚያነበው አስረዳኋቸው። «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው ቁጭ አሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ ተማሪዬ ይጽፋል። ልጆችህ ይደጉልህ፣ ከብትህ ይርባልህ፣ ክፉ አይይህ ይላሉ። እኔ ዓይኔ መብራቱ ላይ ነው፤ አሁን ቢጠፋስ? «አባቴ፣ ወደ ጉዳዩ ይግቡ» አልኳቸው።

«ሳልመርቀው እንዴት ብዬ እለምነዋለሁ?» ብለው ተቆጡኝ።

በሳምንቱ መልሱን አገኘነው። ሰውየው አክብሮ ነው የጻፈው። «አባቴ፣ ምርቃትዎን በሁለት እጄ ተቀብያለሁ። ነገር ግን ገዳይ ነኝ የሚል ሰው የገዳይን ታሪክ አጥፉልኝ ሲለኝ መጠራጠር አለብኝ። የሟች ወገን ይህንን ከፈለገ እሱ ራሱ ይጻፍልኝ፤ አነሳዋለሁ።»

ተማሪዬ ቢሆን ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። ማን አለው፣ ብሎ ምን ይጠቀማል፤ ሴሚስተሩን ሙሉ የጮህኩት ይኸው አይደል? ለዚህም ነው ንዴቴ የባሰው። ሟቹ ሌላ የቅርብ ዘመድ ይኖረው እንደሆነ ሽማግሌውን ጠየቅኳቸው፤ ልጁ ብቻ ነው የቀረው። ከልጁ ለመደበቅ ለልጁ መንገር ግድ ሆነ። ሽማግሌው መልሱ ተነብቦላቸው ሲያበቃ ዱላቸውን አንስተው ወጡ።

ያንን ሳምንት አልተኛሁም ብል ይቀለኛል። ቢነግሩትስ? ባይነግሩትና ሌላ ሰው ቢያሳየውስ? ቅዳሜ ከሚኒባስ እንደወረድኩ የየባጃጁን ሾፌር ፊት እያየሁ ሄድኩ። አንዱ «የት ልውሰድሽ?» ሲለኝ ደንግጬ በእግሬ ሸሸሁ።

ክፍል ገብቼ ብዙም ሳልቆይ ሽማግሌውና ልጁ መጡ። በልጁ ባጃጅ ነው የመጡት። ሽማግሌው በዘወልድ አባቶች ፊት፣ ያን ዕለት ጠዋት እንደነገሩት ተማሪዬ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ልጁ ረጅም ነው፣ ገና ጢም ያልሞላው። ቁልፉን በጣቱ እንደያዘ ማንንም ሰላም ሳይል «የቱ ጋ ነው?» አለ። አሳየሁት። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። እኔ እንኳ አርፌ ቆሜያለሁ።

«የውሃው ነገር እውነት ነው?» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

«እውነት ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ያን ቀን የውሃው ተራ የማን ነበር?»

ጋዜጣው ይህንን አልጻፈም። ማንም አልጠየቀም፤ እኔም ምንጭ ምንጭ ስል አልጠየቅኩም። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ።

«የአባትህ» አሉ በመጨረሻ።

ልጁ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተማሪዬ ልጻፍልህ ሲለው በእጁ ከለከለው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገ በአንድ ጣቱ ጻፈ፤ ከኋላው ሆኜ አነበብኩት። «የሟች ልጅ ነኝ። እርቁ ሲወርድ አልተወለድኩም። ዛሬ ታርቄያለሁ፣ አንሱት። የውሃው ተራ ግን የአባቴ ነበር።»

«ይሄ ይጠፋል?» አለኝ።

«አንቀጹ ከገጹ ይነሳል። ከኋላ ግን የተጻፈው ሁሉ ተቀምጦ ይኖራል። ያንተም ቃል» አልኩት። መዋሸት አልቻልኩም።

ራሱን ነቀነቀና ላከው። ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ሽማግሌው ጋቢያቸው እየተጎተተ ተከተሉት። እኔ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ።

ልጁ ሞተሩን አስነስቷል። ሽማግሌው ከባጃጁ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ለመግባትም ለመሄድም አልደፈሩም። ልጁ ፊት ለፊቱን እያየ ነው። አጎቴ አላላቸውም፣ ዞሮም አላያቸውም። ግን አልሄደም። ሞተሩ እየሠራ፣ እሳቸው እስኪገቡ ጠበቃቸው።