የማንን ልጅ ነው የምታለቅሺው?

የናፍጣ ሽታ ደስ ይለኛል ስል ሰው ይታዘበኛል። ይታዘበኝ። ጋራዥ ደጃፍ ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬን ቀነስ አደርጋለሁ፤ የአቃቂ ባቡር ጣቢያ ፀሐይ ሲወጣበት እንዲያ ነበር የሚሸተው። ዛሬ ሐዲዱን ሣር ውጦታል። ያኔ ግን እኔና አንድ የሰፈሬ ልጅ በየማለዳው በባቡር ከተማ እየገባን እንሠራ ነበር።

በኋላ እሱ ወታደር ሆነና ወደ ሰሜን ዘመተ። ዓመት ሳይሞላው መርዶው መጣ። አስከሬን ግን አልመጣም።

እናቱ አላለቀሱም። ድንኳኑ ውስጥ የልጃቸውን ኮት ጭናቸው ላይ አድርገው ደርቀው ተቀመጡ። «ካልወጣላቸው ይታመማሉ» እያሉ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ፤ በማግስቱም ከሳሪስ አቦ በኩል የታወቀች አልቃሽ አስመጡ።

አልቃሿ ኮቱን ተቀብላ ከፍ አድርጋ ያዘችና ጀመረች፤ አንበሳው፣ ጠላትን ያርበደበደው፣ ጥይት የማይበግረው እያለች። ጥይት የገደለውን ሰው እንዲህ ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ በየሐውልቱ ሥር የሰማኋቸው ተናጋሪዎችም ይህ ድፍረት አላነሳቸውም።

«ቆይ እስቲ እህቴ» አሉ እናቱ። «የማንን ልጅ ነው የምታለቅሺው?»

«ምነው እትዬ፣ የእርስዎን ነዋ!»

«የኔ ልጅ አይጥ ሲያይ አልጋ ላይ ነበር የሚወጣው።»

ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። አልቃሿ ሥራዋን የምታውቅ ሴት ነበረችና አልተቆጣችም። ኮቱን ዝቅ አድርጋ «እንግዲያው ንገሩኛ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» አለች።

ነገርናት። ጎረቤቱ፣ ሳይጠራ ሠርግ ገብቶ ከሚዜዎቹ ጋር ሲጨፍር መያዙን አወራ። አንዲት ሴት ደግሞ «ውሃ ቅዳልኝ ካልኩት ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶት ነው የሚመጣው» አለች። እኔ አንድም ቀን በሰዓቱ ደርሶ እንደማያውቅ፣ ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ጫማውን በእጁ ይዞ እየሮጠ ሲመጣ በመስኮት ጎትተን እንደምናስገባው ነገርኳት።

አልቃሿ ኮቱን ደረቷ ላይ አስጠጋች። ከዚያ ድምፅዋን ቀንሳ፦

«ባቡሩ ምናለ ጥቂት ቢቆየው፣
ጫማውን በእጁ ይዞ እየሮጠ ነው።»

እናቱ ቀና አሉ። «እሱ ነው» አሉ። «ይኸው፣ ልጄ እሱ ነው።» ይህን ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸው አለቀሱ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው ያዟቸው፤ እኛም እፎይ ብለን አብረናቸው አለቀስን።