ዝም ካሉ ወዲህ

ደም ባንኩ ውስጥ «እትዬ ዳታ» ነው የሚሏቸው። ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ ይለብሳሉ፤ መነጽራቸውን ሳይወለውሉ ለማንም መልስ አይሰጡም። ነርሶቹ የደም ዓይነት ሲጽፉ ለጋሹን በቅጽበት ፈልጎ የሚያመጣውን ፕሮግራም በወጣትነታቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው። ፕሮግራሙ የተሠራበትን የሶፍትዌር መሣሪያ የሚያመርተው ድርጅት በቅርቡ ተሽጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች ይቀጥሉበት አይቀጥሉበት ትንፍሽ አላሉም።

ወጣቱ ኃላፊ ዛሬም ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ሰዎቹ ምን አሉ?»

«ዝም ብለዋል።»

«ዝም ካሉማ ትተውታል ማለት ነው።»

መነጽራቸውን ወለወሉ። «ዝምታ መርዶ አይደለም። እኔ ግን እጄን አጣጥፌ አልጠብቅም፤ በሌላ መሣሪያ እንደ አዲስ እየሠራሁት ነው። ደም የሚጠብቅ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም።»

ኃላፊው እፎይ ብሎ ወጣ።

ወዲያው ስልካቸው ጮኸ። የማያውቁት ቁጥር ነው። ባሕር ተሻግሮ ድምፁ የጠፋ ወንድ ልጅ እንዳላቸው እዚያ መሥሪያ ቤት የሚያውቅ የለም። መነጽራቸውን እንኳ ሳይወለውሉ አነሡት።

«አቤት! አለሁ፣ አለሁ!»

ደዋዩ ቁጥር ተሳስቶ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቀ።

«ምንም አይደል፣ ልጄ» አሉት። ደዋዩ እስኪዘጋ ድረስ ስልኩን ከጆሮአቸው አላነሡትም።