መምህር ክንፈ ያላሉት ቁጥር

የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራችን መምህር ክንፈ ከሁለት ወር በፊት አርፈው አያት ሰፈር በሚገኘው ደብራቸው ተቀብረዋል። ይህን የምጽፈው ያስተማሯችሁና አብራችኋቸው የሠራችሁ ሁሉ በቀብሩ ላይ የሰማችሁት እውነት አለመሆኑን እንድታውቁ ነው። በሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ንዴቱ ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

የሕይወት ታሪካቸውን ያነበቡት የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፣ «የግዙፉ ኮከብ ክብደት የፀሐይ አሥራ ሰባት እጥፍ መሆኑን ያረጋገጡ ምሁር» አሏቸው። መምህር ክንፈ ይህን አላረጋገጡም። አረጋግጥ እያሉ ሲገፏቸው የኖሩት ራሳቸው ኃላፊው ናቸው።

መምህር ክንፈ ለዓመታት ያጠኑት ይህ ኮከብ ያረጀ፣ ቀይና እጅግ ግዙፍ ነው። ገላውን ጋዝና አቧራ እያደረገ ወደ ዙሪያው ይተፋል፤ በዚያው ደመና ተሸፍኖ ይደበዝዛል። አብሮት የሚዞር ሌላ ኮከብ ስለሌለ ክብደቱን በስበቱ መለካት አልተቻለም። አሥራ ሰባት ግምት ነው። መምህር ክንፈም ሁልጊዜ ሰፊ የስህተት ወሰን አስከትለው ይጽፉት ነበር።

ይህን ያስተማሩን በበርበሬ ነው። ከሾላ ገበያ ዛላ በርበሬ ገዝተው ቤታቸው ሰበሰቡን። ቀንጥሰን አሰጣነው። በሳምንቱ ስንመለስ የደረቀውን አስመዘኑንና «ስገዛው ስንት ነበር?» አሉ። አንዱ ልጅ ቶሎ ቁጥር ጠራ።

«የጣልከውን ጭራ መዝነሃል?»

«አልመዘንኩም።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ? ኮከቡም የተፋውን ሳንመዝን ስንት እንደነበር አናውቅም።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ለታይ ከበር ላይ ሆነው፣ «ክንፈ፣ ተማሪ ነው ያመጣህልኝ ወይስ በርበሬ ቀንጣሽ?» አሉ።

«እስከ ምሳ ቀንጣሽ ናቸው፤ ከምሳ በኋላ ተማሪ።»

ሲመሽ ቤታችን የራቀብንን በአሮጌ መኪናቸው በየሰፈራችን ያደርሱን ነበር።

በእኚህ ሰው ላይ ነው ኃላፊው በስብሰባ መሐል፣ «አንተ እኮ ቁርጥ ያለ ነገር አትወድም። ቁጥሩን ስጠንና እድገትህን ውሰድ» ብለው ያሳቁባቸው። እርሳቸው «የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ምን ላስተምር?» አሉ። እድገቱ ቀረ። ሲሞቱ ግን ኃላፊው ቁጥሩን በስማቸው ላይ ለጠፉት፤ መልስ እንደማይሰጡ ያውቃሉና።

ይህም አልበቃ አለ። ትምህርት ክፍሉ በሚያሠራው የመቃብር ሐውልት ላይ ያው ቁጥር ሊቀረጽ መሆኑን ስሰማ ወይዘሮ ለታይ ዘንድ ሄድኩ።

«ክብር መስሎኝ እሺ አልኳቸው፣ ልጄ።»

«የሚቀርጹት ጋሼ ያላሉትን ነው፣ እትዬ።»

ወይዘሮ ለታይ ስልካቸውን አንስተው ኃላፊው ዘንድ ደወሉ። «ድንጋዩ ይቅር፤ እኔው አሠራለሁ። በሕይወቱ እምቢ ያለውን ሞቶ እሺ አይልም» አሉና ዘጉት።

ጋሼ፣ በድንጋይዎ ላይ ስምዎና «መምህር» የሚለው ቃል ብቻ ተቀርጿል። ኃላፊው ለመታሰቢያው አልመጡም፤ እኛም አልጠበቅናቸውም። ኮከቡ ስንት እንደሚመዝን ዛሬም አናውቅም። ጥናቱን ከዙሪያው ደመና፣ እርስዎ ካቆሙበት ጀምረናል። በስብሰባ ላይ ቁርጡን ንገሪን ሲሉኝ፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን «አላውቅም» እላቸዋለሁ። እርስዎ ይረፉ፤ ጠቡን ለእኛ ይተዉት።